ድርሳነ ወይን ዘጀፕ

ወይም፦ ከባሕር ወለል በላይ በ1,750 ሜትር፣ በኪራይ ቤት ጓሮ፣ ከውርጭ፣ ከበረዶና ከአከራይ ጋር እየተሟገቱ ወይን ስለ ማልማት የቀረበ ጥልቅ ምርምር

የዓለም ሊቃውንት ስለ ወይን ያልጻፉት የለም። የቦርዶን ጠጠር ቆጥረዋል፣ የቡርጎኝን አፈር በምላሳቸው ቀምሰዋል፣ ቅጠሉን ለክተዋል፣ ፍሬውን መዝነዋል። ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ጀፕ ከተባለው የወገኖቻችን መናኸሪያ፣ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ጓሮ ውስጥ የበቀለ የወይን ቡቃያ በመስከረም ለምን እንደሚጠቁር ግን አንድም ሊቅ ብዕሩን አላነሣም። ዝምታው ከቸልተኝነት ይሁን ከምቀኝነት ለታሪክ ፍርድ ትተነዋል። ክፍተቱን ለመሙላት እኛ ተነሥተናል። ማንም አላዘዘንም፤ ማንም አልከፈለንም፤ ይህም የምርምሩን ገለልተኝነት ያረጋግጣል።

ጀፕን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ጀፕ የሚባለው መንገድ በ2014 (በዚህ ድርሳን ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) ራሂማ ሙሳ ተብሎ ተሰይሟል፤ እሳቸው በ1956 በፕሪቶሪያ የሴቶችን ሰልፍ ከመሩት አንዷ ነበሩ። የእኛ ሰው ስማቸውን አክብሮ አሁንም ጀፕ ይላል። ሜዲካል አርትስ የተባለው ሕንፃ ድሮ ሐኪሞች በሽተኛ የሚያዩበት ነበር። ዛሬ የልብ ምት ይደመጥበት በነበረው ክፍል ብርድ ልብስ ይቆጠራል፣ መጋረጃ ይለካል፣ በርበሬ ይመዘናል፤ ደረጃው ላይ የሚቆላ ቡና ይሸታል። የጀፕ ሳይንስ የሚወለደው እዚያ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ስኒ መካከል ነው።

በእነዚህ ስኒዎች ዙሪያ ስለ ጓሮ ወይን ሁለት የተፋለሙ ትምህርቶች አሉ። የመጀመሪያዎቹን ብርዳውያን፣ ሁለተኛዎቹን ከፍታውያን ብለን ሰይመናቸዋል። ስም የሌለው ወገን በምርምር ሊረታ አይችልምና።

የብርዳውያን መምህር ቀኑን ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች እየዞረ ብርድ ልብስ በዱቤ ሲሸጥ የሚውል የሆሳዕና ሰው ነው። ትምህርቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጠቃልላል፦ «ጋሼ፣ እዚህ አገር የሰኔ ብርድ ሰውን እያንቀጠቀጠ ወይን ምን ሊሆን?» ብርድ በመጣ ቁጥር ገቢው የሚጨምር ሰው በመሆኑ ምስክርነቱ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ከፍታውያን በበኩላቸው በሒሳብ ይመጣሉ። የአገራችን ገበሬ ምድርን ሲከፍል ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ይላል፤ ጆሃንስበርግ በ1,750 ሜትሯ ወይና ደጋ ላይ ትወድቃለች። ዝዋይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ከ2007 ጀምሮ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ሜርሎና ሲራ ተክሎባት፣ በ2014 ጠርሙስ ለገበያ አውጥታለች። እንግዲህ ዝዋይ ላይ የበቀለ ጀፕ ላይ ምን ይከለክለዋል? ይላሉ፤ ብለውም ስኒያቸውን ይገለብጣሉ።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ይህን በትሕትና እንናገራለን።

ከፍታውያን ከፍታን እንጂ ኬክሮስን አልቆጠሩም። ዝዋይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ናት፤ ጆሃንስበርግ በስተደቡብ 26 ላይ። ዝዋይ ላይ ወይን የሚያስተኛው ክረምት ስለሌለ ገበሬው በመቀስና ውኃ በመከልከል ነው ዕረፍት የሚያሲዘው። የጀፕ ወይን ግን ማንም ሳይነግረው በግንቦት ቅጠሉን ያራግፋል፣ ሰኔና ሐምሌን ይተኛል፣ በነሐሴ መጨረሻ ዓይኑን ያሻሻል። ከፍታውያን የዝዋይን ምሳሌ ሲያመጡ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ የተቆፈረውን ቦይ አለመጥቀሳቸውም የአቀራረብ ጉድለት ነው፤ ጀፕ ሌላ ሌላ ችግር ቢኖርበትም በጉማሬ አይታማም።

ለብርዳውያን የምንሰጠው መልስ ከዚህም የጠነከረ ነው። የተኛ የወይን ግንድ፣ የአውሮፓው ዝርያ እንኳ፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የጆሃንስበርግ ሌሊት ከዜሮ በታች አምስት ከወረደ የከተማው ወሬ ይሆናል። ነሐሴ 2012 እና ሐምሌ 2023 በረዶ ጥሎ ከተማው ነጭ የለበሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ሲሮጥ ወይኑ እንቅልፉን ለጥጦ ነበር። በዚያው በደቡብ አፍሪካ፣ ከአገሩ ቀዝቃዛ ከተሞች አንዷ በሆነችው በሰዘርላንድ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ወይን ተተክሏል። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት በሚኒሶታ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ፍሮንተናክንና ማርኬትን አዳቅሏል፤ እነዚህ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን ንቀው የሚያድሩ ናቸው። ስለዚህ ብርድ ተከሳሽ ሆኖ የቀረበበት ክስ ተዘግቷል፤ ብርድ በነጻ ይሰናበት።

እውነተኛው ተከሳሽ የብርዱ ቀጠሮ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ቀበቶውን ያጥብቅ።

በመስከረም፣ የእኛ አዲስ ዓመት ሲብት፣ የጆሃንስበርግ ጸደይም ይብታል። ቀን ፀሐዩ ይሞቃል፣ ወይኑም ጊዜው ደረሰ ብሎ አረንጓዴ ለስላሳ ቡቃያ ያወጣል። ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት፣ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱ ዝም ይላል፤ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትበትናለች። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ነውና ከኬንሲንግተን ኮረብታ ቁልቁል ተንሸራቶ ቤዝ ቫሊ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል፤ ብዙ ወገን የሚከራየው ደግሞ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው። የተኛ ግንድ 15 ዲግሪ ሲችል የነቃ ቡቃያ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪን አይችልም። ጠዋት ስትወጣ ትናንት ጣት ያህል የነበረው ቡቃያ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ፣ ተልፈስፍሶ፣ ጫፉ ላይ የውኃ ጠብታ ይዞ ታገኘዋለህ። ከሰዓት በኋላ ስትነካው ይፈረፈራል። ኮረብታው ላይ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ከፍ ብሎ ያለው የጎረቤት ወይን ግን ምንም አልሆነም። በዚህ ምክንያት ጎረቤቱን በመተት የጠረጠረ ሰው እናውቃለን።

ተፈጥሮ ለዚህ መላ አላጣችም። የወይን እንቡጥ አንድ ቢመስልም ውስጡ ሦስት ነው፦ ዋናው፣ ምክትሉና የምክትሉ ምክትል። ዋናው በውርጭ ሲሞት ምክትሉ ሥልጣን ይይዛል። ቅጠል በማውጣት ረገድ ምክትሉ የሚታማ አይደለም፤ በፍሬ ረገድ ግን፣ እንደ ብዙ ምክትሎች፣ ቃል ከገባው እጅግ ያነሰ ነው የሚያቀርበው።

መድኃኒቱ አሥራ ሦስተኛው ወር ነው። የፈረንጅ ጠበብት «ዘግይቶ መግረዝ» ብለው በረጃጅም ጽሑፍ የሚያብራሩት ነገር እንዲህ ነው፦ በሐምሌ ቅርንጫፉን በረዥሙ ትቆርጣለህ፣ ለመጨረሻ ግን አትጨርሰውም። ወይን መጀመሪያ የሚያነቃው ጫፍ ላይ ያለውን እንቡጥ ነውና የተረፈው ረዥም ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ ሲፈነዳ ሥር ያሉት እንቡጦች ገና ያንቀላፋሉ። በጳጉሜን ጫፉን ቆርጠህ ትጥላለህ፤ የታችኞቹ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ዘግይተው ይነቃሉ፣ የመጨረሻውም ውርጭ በላያቸው ላይ ሳይሆን በተጣለው ቅርንጫፍ ላይ ያልፋል። የሰው ልጅ በሙሉ አሥራ ሁለት ወር ይዞ ሲንከራተት እኛ ለዚሁ ሥራ ልዩ ወር መያዛችንን ይህ ድርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስታውቃል።

ታሪክን እንይ፤ ያለ ታሪክ ድርሳን አይሆንምና። ያን ቫን ሪቤክ የተባለው ሆላንዳዊ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1659 በዚሁ በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ላይ ከወይን ፍሬ ጠጅ መጠመቁን በማስታወሻው ላይ አመስግኖ ጽፏል። ኬፕ ዝናቧ በክረምት፣ በጋዋ ደረቅ ነውና ወይን እንደ ልቡ ሆነ። ከዚያ 1886 ደረሰ። በዚህ ዓመት ሁለት ነገር ከመሬት ወጣ፦ ጆሃንስበርግ ላይ ወርቅ፣ ኬፕ ላይ ፊሎክሴራ የተባለች የወይን ሥር የምታደርቅ ትንሽ ነፍሳት። ወርቁ ከተማ አቆመ፤ ነፍሳቷ የኬፕን ወይን ጨረሰችው፣ ገበሬውም ነፍሳቷን በሚችል የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ግንዱን እያጣበቀ እንደገና ለመጀመር ተገደደ። ሁለቱን ክስተቶች የሚያያይዝ ማስረጃ የለንም። በዓመቱ መመሳሰል ግን ደንግጠናል፣ አንባቢም አብሮን እንዲደነግጥ እንጠይቃለን።

የጓሮን ክብር ለሚጠራጠር የሚቀጥለው ታሪክ በቂ ነው። በ1925 አብርሃም ፔሮልድ የተባሉ የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፒኖ ኑዋርን፣ በዚያ ጊዜ ሄርሚታጅ ይባል ከነበረው ሳንሶ ጋር አዳቀሉ። አራት ዘር አገኙ። ሰፊ የምርምር እርሻ አጠገባቸው እያለ አራቱን ዘር የተከሉት በመኖሪያ ቤታቸው የአትክልት ቦታ ነበር። በ1927 ሥራ ቀይረው ቤቱን ለቀቁ፤ ግቢውን አረም ወረሰው፤ ጽዳት ሠራተኞች መጥተው ሊመነጥሩት ሲሉ ቻርሊ ኒሃውስ የተባለ ወጣት መምህር ደርሶ አራቱን ችግኝ አተረፈ። ዛሬ ፒኖታጅ ተብሎ የደቡብ አፍሪካ መለያ የሆነው ወይን የእነዚያ ዘር ነው፤ በስሙ የተለጠፈ ጠርሙስ ገበያ የወጣው ግን በ1961 ነው። ቤት ለቆ የሄደ ተከራይ፣ የተረሳ ጓሮ፣ በሰዓቱ የደረሰ መምህር! ታሪኩ የስቴለንቦሽ ቢሆንም አካሄዱ የጀፕ ነው።

ወደ ቤዝ ቫሊ እንመለስ። ቤዝ ቫሊ፣ ማልቨርንና ሮዘተንቪል ቀድሞ ከማዴራ ደሴት የመጡ ፖርቹጋሎች በብዛት የሰፈሩባቸው ናቸው። ብዙዎቹ ሄደዋል፤ አንዳንዱ ቤት ጓሮ ግን በብረት ቱቦ የተሠራ ዳስ፣ በዳሱም ላይ እንደ ሰው ክንድ የወፈረ የወይን ግንድ ቀርቷል። ወገኖቻችን ግቢውን ሲከራዩ ዳሱን ልብስ ማስጫ ያደርጉታል። ዳሱ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ካታውባ የሚባለው የአሜሪካ ዘር ነው፦ ቀይ ዳማ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ከልጣጩ ሾልኮ የሚወጣ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ። የወይን ጠጅ አዋቂዎች በዚህ ሽታ አፍንጫቸውን ይነፋሉ። ይንፉ። የጆሃንስበርግን በጋ የሚችለው እሱ ነው።

ምክንያቱም በጋው ዝናብ ነው። በዓመት ከሚወርደው 700 ሚሊ ሜትር ገደማ አብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ፍሬው ሲያብብ፣ ሲያድግና ሲበስል ይወርዳል። እርጥበትና ሙቀት ሲጋቡ የሚወልዱት ሻጋታ ነው፤ የኬፕ ሜርሎ ጀፕ ላይ ተተክሎ በገና ቅጠሉ ይሻግታል። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድ አለ። የኅዳር 2013ቱ በረዶ የመኪና መስታወት ሲሰብር ለወይን ዘለላ ይራራል ብሎ የጠበቀ ካለ አላገኘነውም። መረብ መዘርጋት ይረዳል፤ የመጋረጃ ነጋዴ ባለበት ከተማ መረብ ጠፋ የሚል ሰው ሰነፍ ነው።

ለሻጋታው ከ1885 ጀምሮ የታወቀው መድኃኒት የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ ነው። አመጣጡ ለጀፕ ሰው ልብ ቅርብ ነው። የቦርዶ ገበሬዎች መንገድ ዳር ያለውን ወይን አላፊ አግዳሚ እየቆረጠ ሲያስቸግራቸው መርዝ እንዲመስል ይህን ሰማያዊ ነገር ይረጩበት ነበር። ሚያርዴ የተባሉ ሊቅ ሲያልፉ አዩ፦ የተረጨው ደኅና፣ ያልተረጨው በሻጋታ የተበላ። እንግዲህ የዓለም ወይን የዳነው በሌባ ፍርሃት ነው። ሱቁን በሦስት ብረት በር የሚቆልፍ የጀፕ ነጋዴም ሳያውቀው ለሳይንስ አስተዋጽኦ እያደረገ ሊሆን ይችላል።

ወፎችም አሉ። ከሁሉ የከፋው ግራጫ፣ ጎፍላ፣ እንግሊዞች «ሂድ ከዚህ» ብለው የሰየሙት ወፍ ነው፤ ድምፁ በእንግሊዝኛ «ጎ አወይ» የሚል ይመስላልና። ከዳሱ አናት ላይ ተቀምጦ ቡቃያውን ይቀነጥባል፣ ፍሬውን ይለቅማል፣ ከዚያም ተከራዩን ቁልቁል አይቶ «ጎ አወይ» ይላል። ቤዝ ቫሊ ያለ አንድ ወዳጃችን፣ ይህን ቃል በሎኬሽን ከበቂ በላይ የሰማ ሰው ነው፣ ወፉን «አንተስ ፔፐርህን (የመኖሪያ ወረቀትህን) አሳይ» ብሎ ሲጠይቀው በጆሯችን ሰምተናል። ወፉ አላሳየም።

እዚህ ላይ ድርሳኑ የቡና ጠረጴዛው የሚሸሸውን ጉዳይ ለመንካት ይገደዳል። ወይን ቢተከል ደኅና ፍሬ የሚሰጠው በሦስተኛ ዓመቱ ነው። የጥገኝነት ጠያቂ ፔፐር የሚታደሰው በጥቂት ወራት ነው፤ የቤት ኪራይ በወር ነው፤ ዱቤ የሚሰበሰበው በሳምንት ነው። በሳምንትና በወር የሚኖር ሰው የሦስት ዓመት ዛፍ አይተክልም ይባላል። ብርዳውያን ተሸንፈው የሸሹበት የመጨረሻ ምሽግ ይህ ነው፦ «ነገ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ለማን ብዬ ልትከል?» በጆሃንስበርግ በ2008፣ በ2015 እና በ2019 ሱቅ ሲዘረፍና ሰው ሲባረር ላየ ሰው ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ እኛም ቀልደን አናልፈውም።

ነገር ግን የጀፕ ሰው ማን ነው? ብዙው ከሐድያና ከከምባታ የመጣ ነው። የሐድያ ልጅ ያደገው ከቤት ጓሮ በተተከለ እንሰት ነው። እንሰት አራትና አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበቃል፤ እየተነቀለ እንደገና ይተከላል፤ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ፣ ብዙ ቆይቶ ቆጮ ይሆናል። እናቱ እንሰት ስትጠብቅ ያየ ሰው ወይን በሦስት ዓመት ፈጥኖ ደረሰ ብሎ ሊጠራጠረው ይገባል። ይህን ለብርዳውያኑ መምህር ስንነግረው ስኒውን አስቀምጦ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «እናቴ ግን ኪራይ አልነበራትም» አለን። መልሱ ከባድ ስለሆነ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን ብለን ነበር። አልተመለስንም።

የተቀናቃኝ ተክል ጉዳይም መነሣት አለበት። የደቡብ አፍሪካ ገበሬዎች «ብሊንክብላር» የሚሉት፣ በጆሃንስበርግ አጥርና መናፈሻ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ፣ የእኛው ጌሾ ነው። ዝምድና አይደለም፣ ያው ተክል ነው፤ ከኢትዮጵያ ተራሮች እስከ ደቡብ አፍሪካ በራሱ ይበቅላል። ውርጭ አይነካውም፣ ዝናብ አያሻግተውም፣ በአንዳንድ ገጠር ደግሞ መብረቅ ይከለክላል ተብሎ በግቢ ይተከላል። የጠጅ ጌሾ በሻንጣ ተጭኖ ከቦሌ ሲመጣ ያው ተክል ኬንሲንግተን ላይ አጥር ሆኖ ውሻ ይሸናበታል። ጤፋችንን ሣር አድርጎ ለፈረስ የሚዘራ አገር ጌሾን አጥር ቢያደርገው አይገርምም። ወይን አቃተኝ የሚል ሰው ማር ይግዛ፤ ሌላው አጥሩ ላይ አለ።

የምርቱ ነገር ደግሞ ከሁሉ የተወሳሰበ ነው። ፍሬው የሚደርሰው ከጥር ማለቂያ እስከ መጋቢት ነው፤ ዐቢይ ጾም የሚገባው በዚሁ መሀል ነው። አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ፍሬ ይፈልጋል፤ ያረጀ ካታውባ በደኅና ዓመት ጓዳ የሚሞላ ዘለላ ይሰጣል። ታዲያ ማን ይጠጣው? በምርምራችን እጅግ የተሳካለት አትክልተኛ፣ በጳጉሜን የሚገርዝ፣ መረብ የሚዘረጋ፣ ሰማያዊውን የሚረጭ፣ አጥባቂ ጴንጤ ሆኖ ተገኘ፤ መጠጥ የሚባል አፉ አይገባም። ዘለላውን ለልጆች ያድላል፣ የተረፈውን ጨምቆ በፍሪጅ ያስቀምጣል። ጎረቤቱ ኦርቶዶክስ ናት፤ ከዘለላው ትለምነውና ቆርቆሮ ላይ አስጥታ ዘቢብ ታደርገዋለች። ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የምትጠቀመው የዘቢብ ጭማቂ ነውና ዕጣንና ጧፍ ይዛ በምትሄድበት ቀን ዘቢቧን ጨምራ ትወስዳለች። ከዚህ ጓሮ ላይ፣ እስካየነው ድረስ፣ አንድም ጠብታ ወይን ጠጅ አልወጣም። ይህን ውድቀት የሚል ሊቅ ቢኖር ይምጣና ሁለቱን ፊት ለፊት ይንገራቸው።

ፍርዳችን ይህ ነው። በጆሃንስበርግ ጓሮ ወይን ይበቅላል። የኬፕን ዝነኛ ዘር ትቶ ካታውባን የያዘ፣ ከሸለቆው ይልቅ ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳን የመረጠ (እዚህ ፀሐይ በሰሜን ናት፤ ይህን የረሳ አዲስ መጤ ወይኑን በጥላ ይቀብረዋል)፣ የመጨረሻውን ቁራጭ ለጳጉሜን ያቆየ ሰው ፍሬ ይበላል።

ስለ ኪራዩም መላ አለ። በሐምሌ ሲገረዝ የሚጣለው ቅርንጫፍ እርሳስ ያህል ውፍረት ካለው፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ አስቀርተህ ቁረጠው፣ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልለህ በፌስታል አድርገው፤ ካታውባ ሥር ለማውጣት አያስቸግርም። አከራይ ልቀቅ ሲልህ ብርድ ልብስህንና ፔፐርህን ስትሰበስብ ፌስታሉንም ያዝ፤ ዳሱ የአከራይ ነው፣ ቁራጩ ግን ያንተ ነው። ቁራጭ የሌለው ሰው በሐምሌ ቤዝ ቫሊ ብቅ ይበል፤ አትክልተኛው ለጠየቀው ሁሉ በነጻ ይሰጣል።